ሲጣራ የከረመው ራውተር

ሓወልቲ አካባቢ ባለው ቢሯችን፣ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮት ገብታ ኢንተርኔት የሚያከፋፍለው ራውተር ላይ ትጋደማለች። ያን ጊዜ የኔም ዓይን ከበድ ይላል። አረንጓዴ መብራቶቹን ብልጭ ድርግም ሲሉ እያየሁ፣ የነቃው እኔ ልሁን እሱ አይለይልኝም።

የዚያን ቀን ግን መዝገብ ቤት የሚሠሩት፣ ሁላችንም እንደ እናት አደይ የምንላቸው ሴት ቀሰቀሱኝ። ደሴ ያለ ልጃቸውን በጦርነቱ መንገድ ከተዘጋ ጀምሮ ፊቱን አላዩትም፤ ስልካቸው ድምፅ እንጂ ምስል አያውቅም። በቢሮው ኮምፒውተር በቪዲዮ ደወልኩላቸው። ልጁ ከሥራው የተፈቀደለት ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ምስሉ ታዲያ ከፀጉሩ ጀምሮ ግንባሩ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ።

«ወደይ፣ ልጄ፣ ግንባሩን ብቻ ነው እንዴ የላከልኝ?» አሉኝ።

ሳቄ መጣ። ወንበራቸውን ወደ ምስሉ ሲያስጠጉ ሳይ ግን ተውኩት።

ትዕዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁር ገጽ ከፍቼ ራውተሩን ስለ ፕሮሰሰሩ፣ ስለ አንጎሉ ማለት ነው፣ ጠየቅሁት። ያው የማውቀው ነው፤ አሮጌ፣ ባለ አንድ ኮር፣ ሥራ ሲደራረብበት የሚጨናነቅ። ጫናውን ስጠይቀው ግን ዘጠና ስምንት በመቶ አለኝ። ምን እየሠራ? ዝርዝሩን አወጣሁ። ጥፋቱ የራሴ ነበር።

በጦርነቱ የስልክና የኢንተርኔት መስመር ተቋርጦ በነበረበት ዘመን ሠራተኛው ሁሉ ጠዋት ጠዋት እየመጣ «መጣ እንዴ?» ይለኝ ነበር። «የለም» ማለት ሲሰለቸኝ፣ ራውተሩ ራሱ በየሰከንዱ ሩቅ ቦታ ያለን መሣሪያ «አለህ?» እያለ እንዲጣራ አዘዝኩት። ይህን የሰማ ሁሉ «ለእኔም ጨምርልኝ» አለ። ላንዱ አዲስ አበባ፣ ለሌላዋ ባሕር ዳር፣ ለአደይ ደሴ። ያኔ ሌላ ሥራ ስላልነበረው አልከበደውም። መስመሩ ሲመለስ ሁላችንም እያለቀስን ስልካችን ላይ ተረባረብን፤ እሱን በቃህ ያለው የለም። ባለሙያ ተብዬው እኔም ረሳሁት።

አንድ በአንድ ሰረዝኳቸው። የመጨረሻው ሲቀር ጫናው ገና ስድሳ ነበር። ለሰው በየሰከንዱ የጻፍኩ ሰውዬ፣ ለራሴ ያለ ፋታ እንዲጣራ አድርጌ ኖሯል። የሚጣራው ጎንደር፣ አባቴ ያስተምርበት የነበረውን ትምህርት ቤት ነው። አባቴ መስመሩ ሳይመለስ አረፈ፤ እኔ የሰማሁት ከተቀበረ ከወራት በኋላ ነው። ራውተሩ ግን መርዶው አልደረሰውም። «አለህ?» ይላል፤ ከዚያ ማዶ «አለሁ» የሚል መልስ ይመጣል። አለህ? አለሁ። መልሱ በገጹ ላይ ሲወርድ ፈዝዤ አየሁት። ጣቴ እምቢ አለኝ።

«ወደይ፣ ሰዓቱ እያለቀ ነው» አሉ አደይ ቀስ ብለው።

ሰረዝኩት። ጫናው ወደ አራት በመቶ ወረደ። ከኋላዬ አደይ «ጢም አወጣህ!» ብለው ሲጮኹ፣ ልጁ ሲስቅ ሰማሁ። ዞሬ አላየኋቸውም፤ እንባዬን እንዲያዩብኝ አልፈለግሁም። አባቴን የቀበርኩት ያን ቀን ነው።