የአባተ ቁርጥማት ስም እስኪያገኝ

አባተ ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ ሲሰቅል አይቶ የማያደንቅ ሰው ማንኪራ መንደር ውስጥ አልነበረም። ዕድሜው ሃምሳን ካለፈ ቆይቷል። ቢሆንም ገመዱን በግንዱ ላይ ጠምጥሞ መውጣት ሲጀምር፣ ከታች የቆመው ሁሉ አንገቱ እስኪዝል ቀና ብሎ ያየዋል። አባተም መታየቱን ያውቃል። ግማሽ መንገድ ላይ ሲደርስ፣ ሳይደክመው፣ ቆም ብሎ "እናንተ፣ እዚያ ታች ደህና ናችሁ?" እያለ ይጣራል። ሚስቱ ዝማሬ ደግሞ "ለታይታ ነው፤ አትመልሱለት" ትላለች።

የዚህ ሰው ጣቶች አንድ የክረምት ጠዋት አልታዘዝ አሉት። ከእንቅልፉ ነቅቶ የሸሚዙን ቁልፍ ሊቆልፍ ሲል ጣቶቹ እንደ ደረቀ ጠፍር ግትር ብለው ቀሩ። የሁለቱም እጆቹ የጣት አንጓዎች አብጠዋል፣ ይሞቃሉ። ፀሐይ ከፍ ስትል ግትርነቱ ላላ አለና ረሳው። በማግስቱ ተመልሶ መጣ። ወር ሳይሞላም የእጅ አንጓው፣ የእግሩ ጣቶች፣ ጉልበቱ ተከታትለው ተቀላቀሉ።

"ብርድ ነው" አለ የዝማሬ ወንድም ሳሙኤል። ሳሙኤል ጥርሱን ያመመውንም፣ ከበቅሎ የወደቀውንም "ብርድ ነው" የሚል ሰው ነው። አንዱ ጎረቤት "ነርቭ ነው" አለ። ሌላው "ደም ብዛት ነው" አለ። ከቤተ ክርስቲያን አብረውት የተመለሱ አንዲት አሮጊት ደግሞ "ዓይን በልቶህ ነው ልጄ፤ ያን ያህል ከፍታ ስትወጣ ማን ዝም ብሎ ያይሃል?" አሉት። ከሁሉም ይሄኛውን ወደደው፤ ሙገሳ አለበትና።

ዓይን ይሁን ብርድ፣ ሕመሙ ግን አልለቅ አለ። ቦንጋ ወርዶ አንድ የግል ክሊኒክ ገባ። ደም ተቀዳና "ታይፎይድ አለብህ" ተባለ። የታዘዘለትን እንክብል ዋጠ፤ ከሆዱ በቀር የተለወጠ ነገር አልነበረም። ሌላ ክሊኒክ ሄደ። እዚያ ደግሞ ጉልበቱን ከሱሪው በላይ ጫን ጫን አደረጉለትና "ሪህ ነው፤ ሥጋ አቁም" አሉት።

"እኔ ሥጋ የማገኘው በዓል ሲመጣ ነው። የትኛውን ነው የማቆመው?" ብሎ ተከራከረ።

ያም ሆኖ ቃሉን አከበረ። መስቀል ሲደርስ ዘመድ ወዳጁ ከቅርጫው ጥሬ ሥጋውን እየቆረጠ ሲበላ፣ እሱ ጥግ ይዞ ቆጮ በጎመን እየበላ ዋለ። ማታ ሲተኛ ሕመሙ አለ፤ ጠዋት ሲነሳም አለ። ሦስተኛው ቦታ መርፌ ወጉት። መርፌው ልጅ አደረገው፤ እየሮጠ ቀፎ ሲቃኝ ሰነበተ። የመርፌው ኃይል አልቆ ሕመሙ ሲመለስ ግን ቂም ይዞ የመጣ ይመስል ነበር።

"ሰው ምን ሆንክ ሲለኝ ምን ልበል?" አላት ዝማሬን። "ታይፎይድ ያለበት፣ ሥጋ የተከለከለ፣ ብርድ የመታው፣ ዓይን የበላው ሰው ነኝ ልበል?"

"አሞኛል በል" አለችው። "አሁን ከዚህ በላይ ምን ታውቃለህ?"

ቦንጋ ገበያ አጠገብ ሱቅ ያላቸው ወይዘሮ ከዲጃ የአባተን ማር ለዓመታት ሲገዙ የኖሩ ነጋዴ ናቸው። አንድ ቀን ጣሳውን ሲያወርድ ጣቶቹ አልጨብጥ ሲሉት አዩና ስልካቸውን አወጡ።

"ጋሽ አባተ፣ ይሄንን ይዩ። ውጭ አገር ቁርጥማት ያለበትን ሰው ንብ እያስነደፉ ነው የሚያድኑት።"

አባተ ሳቀ። "ወይዘሮ ከዲጃ፣ ንብ መድኃኒት ቢሆን ኖሮ እኔ የማልሞት ሰው ነበርኩ። ያልተነደፈ ምን አለኝ?"

ሳቀ እንጂ ነገሩ ከአእምሮው አልወጣም። ወደ ማንኪራ እያዘገመ ሲያሰላስል፣ እስከ ዛሬ የነደፉት ንቦች ሁሉ በስህተት፣ ባገኙበት ቦታ የነደፉት እንደሆኑ ገባው። ግንባሩን፣ ጆሮውን፣ አንዴም ለመናገር በማይመች ቦታ። ሆን ተብሎ፣ ልክ በታመመው አንጓ ላይ የነደፈችው ግን አንድም የለችም። ቤት እንደገባ አንዲት ንብ በክብሪት ቀፎ ውስጥ ዘጋና ለዝማሬ ሰጣት።

"እዚህ አንጓ ላይ አድርገሽ በቀስታ ክፈቺ። አትፍሪ።"

"ማን ፈራ?" ብላ ከፈተችው። ንቧ የዝማሬን አውራ ጣት ነድፋ ሞተች።

ዝማሬ ያን ጊዜ የተናገረችውን እዚህ ማስፈር አይቻልም። አባተ ግን ተስፋ አልቆረጠም፤ ሌላ አመጣና ራሱ በራሱ አስነደፈ። እጁ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ጠዋት ሲነሳ የትኛው እብጠት የበሽታው፣ የትኛው የንቧ እንደሆነ መለየት አቃተው።

ነገሩ የከረረው በማር ቆረጣ ሰሞን ነበር። አባተ ዝማሬ ሳታየው ገመዱን አንስቶ ወጣ፤ ሳሙኤል ከታች ማር መያዣውን ይዞ ቆመ። መውጣቱን እንደምንም ወጣ። ቀፎው ጋ ደርሶ ጢሱን አጢሶ ለመቁረጥ እጁን ሲዘረጋ ግን ጣቶቹ ገመዱን መጨበጥ እምቢ አሉ። አንዱን እጅ ቢለውጥ ሌላውም ያው ነው። ቅርንጫፉን በክንዱ አቅፎ ዓይኑን ጨፈነ። ዕድሜውን ሙሉ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ታች ማየት አስፈራው።

"ምን ሆንክ?" ሳሙኤል ጮኸ።

"ምንም። አየር እየወሰድኩ ነው።"

"ይሄን ያህል?"

አባተ እንደ ማፈር እያለ፣ "ሳሙኤል፣ መውረድ አልቻልኩም" አለ።

ሳሙኤል ጎረቤቶቹን ጠራ። አንዱ ወጥቶ አባተን በወገቡ ዙሪያ በገመድ አሰረው፤ እንደ ሙሉ ቀፎም ቀስ እያሉ አወረዱት። ንቦቹ እስከ መሬት ሸኙት። ዝማሬ ስትደርስ እግሩን ዘርግቶ ግንዱ ሥር ተቀምጧል። ልትጮህበት መጥታ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ግን ተወችው። አጠገቡ ተቀምጣ ከጸጉሩ ውስጥ ንብ ትለቅም ጀመር።

ልጃቸው ትሁት ቦንጋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በጽሕፈት ሥራ ትተዳደራለች። ወሬውን ስትሰማ በባጃጅ፣ የቀረውን በእግሯ መጣች።

"አባዬ፣ ከእንግዲህ ግምት ይበቃል" አለች። "የሥራ ባልደረባዬ እናት እንዳንተ ሆነው ነበር። ከአዲስ አበባ ጅማ እየመጣች የምታይ የመገጣጠሚያ ስፔሻሊስት አለች። ቀጠሮ አስይዤልሃለሁ።"

"መገጣጠሚያ ብቻ ነው የምታየው?"

"አዎ።"

"የቀረውን ገላዬንስ ማን ሊያየው ነው?"

"እሱን አሞኛል አላልክም" አለች ትሁት።

ቀጠሮው ሲደርስ ባልና ሚስት በሚኒባስ ጅማ ገቡ። ስፔሻሊስቷ ዶክተር ሰብሌ መነጽር ያደረገች፣ ፈጠን ያለች ሴት ናት። ከወንበሯ ተነስታ አባተን ጨበጠችው። ጨበጠችውና አለቀቀችውም። የቀኝ እጁን ይዛ እያየችው "መንገድ እንዴት ነበር? ቦንጋ ዝናብ አለ?" ትላለች። አባተ ደስ አለው፤ እንዲህ ሞቅ ያለ ሰላምታ ከሐኪም አግኝቶ አያውቅም። ግራውንም ጨመረችበት። ዝማሬ ጉሮሮዋን ጠረገች።

"እዚህ ጋ ስጫነው ያምዎታል?" ስትለው ነው እየተመረመረ መሆኑ የገባው።

ከዚያ ቁጭ ብላ የጥያቄ ናዳ አወረደችበት። መቼ ጀመረ? ሁለቱም እጅ እኩል ነው? በቤተሰብ እንዲህ ያመመው ሰው አለ? ትኩሳትስ? እስከዚያ ቀን ይህን ሁሉ የጠየቀው አልነበረም።

"ጠዋት ሲነሱ እጅዎ እስኪፍታታ ምን ያህል ይቆያል?"

አባተ አሰበ። "ላሚቱ ታልባ፣ ቁርስ ተበልቶ፣ እሷ ጭቅጭቋን ስትጨርስ ነው የሚላላው።"

ዶክተሯ ወደ ዝማሬ ዞረች። "ምን ያህል ይጨቃጨቃሉ?"

"እስኪገባው ድረስ።"

"እሺ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ" ብላ ጻፈች።

ደም ተቀዳ፤ እጆቹና እግሮቹ ራጅ ተነሱ። ጅማ አድረው በማግስቱ ውጤቱን ሊሰሙ ገቡ።

"ጋሽ አባተ፣ በሽታዎ ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል።"

"ሩማ… ቶይድ" አለ አባተ፣ ቃሉን እንደ ትኩስ ድንች እያገላበጠ። "ከታይፎይድ ጋር ዘመዳሞች ናቸው?"

"አይደሉም። ታይፎይድም፣ ብርድም አይደለም።" ሰውነትን ከበሽታ የሚጠብቀው ኃይል ተሳስቶ የገዛ መገጣጠሚያውን እንደ ጠላት እንደሚወጋ አስረዳችው።

"ዘበኛ ንቦች የገዛ ቀፏቸውን ሲነድፉ ማለት ነው?"

"እንደሱ ነው።"

"የእኔ ጥፋት አለበት? ከመፍራት፣ ከስንፍና የሚመጣ ነው?"

ዶክተር ሰብሌ መነጽሯን አወለቀች። "በፍጹም። በዚህ እጅ ይህን ያህል መሥራትዎ ነው የሚገርመኝ።"

አባተ ወደ መስኮቱ ዞረ። ከዛፉ ካወረዱት ወዲህ ለማንም ያልተናገረው ነገር ነበር፤ ልቤ ፈርቶ ነው እጄን የሚያስረው ብሎ ራሱን ጠርጥሮ ነበር። ዝማሬ ነጠላዋን አቀበለችው። ዓይኑን ጠርጎ ወደ ዶክተሯ ዞረ።

"ይድናል?"

"ነቅሎ አይጠፋም፤ ግን ልጓም ይገባለታል። መድኃኒቱ የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ በየቀኑ ከወሰዱት ይጎዳዎታል። ለውጡን ለማየት ወራት ይፈልጋል። በየጊዜው ደምዎን እናያለን። ሥጋ ይብሉ።"

አባተ ፊቱ በራ።

"መጠጥ ግን የለም። መድኃኒቱ ጉበት ላይ ይበረታል።"

"ጠላ?"

"የለም።"

"ጠጅስ? ከራሴ ማር የተጣለ?"

"የማንም ማር ይሁን።"

አባተ ዝማሬን አየ፤ ዝማሬ ጣሪያውን አየች።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም አላሳዩትም። "ይሄም እንደ ታይፎይዱ ሊሆን ነው" እያለ ያጉረመርማል፤ ዝማሬ ግን እሁድ በደረሰ ቁጥር እንክብሎቹን በእጇ ቆጥራ ትሰጠዋለች፤ በሌላ ቀን ሲጠይቃት ትደብቃለች። ከዚያ አንድ ጠዋት ላሚቱን አልቦ ጨርሶ ወተቱን ይዞ ሲገባ፣ ጣቶቹን ሳያስታውሳቸው ማርፈዱ ትዝ አለው። በሩ ላይ ቆሞ ጨበጥ፣ ዘርጋ አደረጋቸው። ጥቂት ግትርነት አለ፤ ግን ይታዘዛሉ።

ወሬው ሲሰማ ጉልበት ያመመው ሁሉ አንድ እንክብል እንዲያካፍለው መምጣት ጀመረ። አባተ ቆጣ ብሎ "የእኔ ጫማ ልክህ ነው? ሂድና የራስህን በሽታ ስም ጠይቅ!" እያለ ይመልሳቸዋል። ስፔሻሊስቷ መቼ እንደምትመጣ ግን ሳይጠይቁትም ይነግራቸዋል።

ከፍ ያለ ዛፍ ላይ እንዳይወጣ ተከልክሏል። ስለዚህ ዝማሬ ከግብርና ባለሙያዎች ጠይቃ የሳጥን ቀፎዎች አስመጣች፤ ከጓሮው፣ ከቡናው ሥር፣ በወገብ ልክ አስቀመጡ። አባተ መጀመሪያ ላይ አፈረባቸው። "ይሄ ቀፎ ነው ቁምሳጥን?" አለ። ንቦቹ ግን አላፈሩም፤ ገቡ፣ ሠሩ፣ ሞሉት። የመጀመሪያውን ማር በራሱ ጣት ቆርጦ ቀመሰና ፊቱን አጨማደደ።

"ጫካው የለበትም። ከፍታው የለበትም" አለ።

ዝማሬ ማሩን በጣሳ ሞልታ ቦንጋ ወሰደችው፤ ወይዘሮ ከዲጃም ቀምሰው "የዘንድሮው ደግሞ ከአምናው ይበልጣል" አሏት። ይህን ለአባተ እስከ ዛሬ አልነገረችውም።