ፀጉሩ ሲገባ

ሶሬቲ ሹሩባ መሥራት የለመደችው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ሥር፣ ከእናቷ ከዲንቄ ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን አስፋልቱ ዳር ያለች ፀጉር ቤት ስትቀጠር ግን ቦታ የሰጧት ጓዳው አጠገብ ነበር። መስታወቱ ፊት ያሉት ወንበሮች ከውጭ የሚመጣ ሂውማን ሄር፣ ማለትም የሰው ፀጉር፣ ለሚያስቀጥሉ ናቸው። ሹሩባ የምትፈልገው ጠበል የምትሄድ ወይም ኪሷ የሳሳ ብቻ ነበረች።

ከዚያ ክፉ ቀን መጣ። ሰሜኑ በጦርነት ታመሰ፣ ኑሮ ሰማይ ነካ፣ ዶላር ጠፋ። መንግሥትም «ቅንጦት ናቸው» ላላቸው ዕቃዎች የውጭ ምንዛሪ አልሰጥም አለ። መኪናው ቀረ፣ ውስኪው ቀረ፣ ፀጉሩም አብሮ ቀረ። የአገር ፖሊሲ እስከ ጓዳ ገብቶ ሶሬቲን እጇን ይዞ መስታወቱ ፊት አስቀመጣት። በአገር ችግር መደሰት ነውር ነውና ዋጥ አደረገችው እንጂ፣ ደስ ብሏት ነበር።

የፀጉር ቤቱ ባለቤት እትዬ ለተጊዮርጊስ ይነካኳታል።

«አንቺ ልጅ፣ ዋጋ ጨምሪ እንጂ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል።»

«አማራጭ ያጣ ሰው ላይ ዋጋ አይጨመርም፣ እትዬ» ብላ ትስቃለች።

ውስጥ ውስጡን ግን አንድ ነገር ይከነክናት ነበር። እነዚህ ሁሉ ሴቶች የሚመጡት እጇን ወደው ነው ወይስ ሌላ አጥተው?

ሁለት ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በክረምት፣ እገዳው ተነሣ። የፀጉሩ ካርቶን ከመርካቶ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። እትዬ ለተጊዮርጊስ አዲሱን ፀጉር መስታወቱ ጎን ሲሰቅሉ፣ ሶሬቲ ማንም ሳይነግራት ማበጠሪያዎቿን ሰብስባ ወደ ጓዳው ልትመለስ ተነሣች።

«ማን ተነሺ አለሽ?» አሏት።

ተመልሳ ተቀመጠች። አጠገቧ ባለው ወንበር ላይ ሴቶች እየተፈራረቁ ፀጉር ሲያስቀጥሉ ዋሉ። የእሷን ወንበር ዞር ብሎ ያየው የለም።

ሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ወንጌል መጣች። ባንክ የምትሠራ፣ በደጉ ጊዜ ከፀጉር ሁሉ ረጅሙን መርጣ የምታስቀጥል፣ ከእገዳው ወዲህ የሶሬቲ ደንበኛ የሆነች ልጅ ናት። ቀጥ ብላ ሄዳ ሶሬቲ ፊት ተቀመጠችና ሻሿን ፈታች።

ሶሬቲ ዝም ብትል ትችል ነበር። አንጀቷ እምቢ አላት።

«ወንጌልዬ፣ ፀጉሩ ገብቷል እኮ።»

«አይቼዋለሁ» አለች ወንጌል፣ አንገቷን ዘንበል እያደረገችላት። «ያንን ወደ ኋላ የሚሄደውን ሹሩባ ሥሪልኝ።»

ሶሬቲ ማበጠሪያውን አነሣች። የወንጌልን ፀጉር ለመክፈል ግን ትንሽ ቆየች፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ መስመሩ አልታይ ብሏት ነበር።