ያልመረጥኩት ሶፍትዌር

«ምነው መምህርት፣ ሳትዘጋጂ ነው እንዴ የገባሽው?» አሉኝ ርእሰ መምህሩ ዛሬ፣ ተማሪዎቼ ፊት። ስክሪኑ ላይ «ኢንተርኔት የለም» የሚል ጽሑፍ ተገትሯል።

ተማሪዎች ሐሳብን ከሐሳብ በመስመር የሚያያይዙበት ሶፍትዌር ስንመርጥ፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን ሞክሬ ያቀረብኩት እኔ ነበርኩ። የትምህርት ቤቱ ኮሚቴ ግን «ያኛው ያምራል» ብሎ ያለ ኢንተርኔት የማይሠራውን መረጠ። እዚህ ደባርቅ ላይ ኔትወርክ የሚጠፋው በዓመት አንዴ ይመስል!

የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ታደሰ ከኋላ ቆመው አንገታቸውን ደፉ። አሳዘኑኝ፤ ደግ ሰው ናቸው፣ ኮምፒውተርም ገና እየለመዱ ነው። ግን ወቀሳውን ለእኔ ተዉልኝ።

«ቲቸር፣ ጠመኔ እኮ ኔትወርክ አይፈልግም» አለችኝ ከጃናሞራ የመጣች ተማሪዬ። ሳቅንና ሐሳቦቹን ሰሌዳው ላይ በጠመኔ አያያዝናቸው።

ምክራችሁ ተጥሎ ጥፋቱ ለእናንተ የተረፈ መምህራን፣ እስቲ ጻፉልኝ። እኔ ግን ሌሎች በመረጡት መወቀሴን ከእንግዲህ አልቀበልም።