የሁለተኛው ቀን ዋጋ

ዋጋ ስናገር ሰው ፊቴን አያይም። ጉድጓዱን ያያል፣ ሰማዩን ያያል፣ ስልኩን ያያል፤ ከዚያ ያልሰማ መስሎ "እ?" ይላል። ደግሜ እነግረዋለሁ። "እህቴ፣ ሽንት ቤት እኮ ነው" ያለኝ ሰው ቁጥር የለውም። አዎ፣ ሽንት ቤት ነው። ሥራዬ ሌላው ሰው እጁን የማይነክርበትን ማጽዳት ነው፤ የኮንዶሚኒየም ሴፕቲክ ታንክ፣ የባትሪ አሲድ የፈሰሰበት ጋራዥ፣ ሰው ሞቶ ሳይታወቅ የሰነበተበት ክፍል። ለዚህ ሁሉ አይቼ፣ ለክቼ፣ አሽትቼም ጭምር ዋጋ የምቆርጠው እኔ ነኝ።

ስለ ታንክ ዋጋ ሲነሣ ሰው የሚያስበው ስለ ቆሻሻው ነው። ቆሻሻው ግን ርካሹ ነው። ላይ ላዩን ፈሳሹን መምጠጫ መኪና ይወስደዋል። ከሥር እንደ ጭቃ የረጋው በቱቦ አልመጣም ሲል ሰው ወርዶ በአካፋ ይቆርጠዋል። ውዱ ነገር ያ ሰው ከመውረዱ በፊት ያለው ጊዜ ነው። ክዳኖቹ ተነሥተው ሁለት ሙሉ ቀን ክፍት ይውላሉ፣ ክፍት ያድራሉ። አየር የሚነፋ ማሽን እንከራያለን። ልጅ እንዳይገባበት ጠባቂ ይቆማል። በእነዚያ ሁለት ቀናት ማንም ምንም ሲሠራ አይታይም፤ ደንበኛ ደግሞ ለማይታይ ነገር ገንዘብ ማውጣት ይጠላል።

መርካቶ ሥር ያደገ ሰው ዋጋ ሁሉ ተጨምሮበት እንደሚነገር ያውቃል። የማይከራከር ገዢ ሞኝ ነው፤ ሻጩ ራሱ ይታዘበዋል። ስለዚህ የኔን ዋጋ ሲሰሙ ከላዩ የሚነሣ ጮማ ያለው ይመስላቸዋል። የኔ ዋጋ ጮማ የለውም። ከቀነሱት የሚቆረጠው ሥጋው ነው። ይህን ስንቴ እንዳስረዳሁ እኔ ነኝ የማውቀው፤ የሚሰማኝ ግን ጥቂት ነው።

ባሌ በሕይወት ሳለ ዋጋ የምቆርጠው እኔ፣ ጉድጓድ የሚወርደው እሱ ነበር። እንደ ጠባያችን ነው የተካፈልነው። እኔ ቁጡ ነኝ። "አንቺ ዋጋ ስትናገሪ ልደታ ፍርድ ቤት ፍርድ የሚያነብ ዳኛ ነው የምትመስይው" ይለኝ ነበር። እሱ ሰው ሲለምነው አንጀቱ አይችልም። "እሺ ይበልጣል ከሺህ" ማለት ይወዳል። "እሺ ማለትህን ቀጥል፣ ሺሁን ግን ከየት እንደምናመጣው ንገረኝ" ስለው ይስቃል እንጂ አይቆጣም። ስቆ ሲያበቃ የቦት ጫማውን ጭቃ በስንጥር እየፋቀ ያፏጫል። ዛሬም ጎረቤት ውስጥ የሚያፏጭ ሰው ስሰማ ሥራ እፈታለሁ።

ያ ታንክ ከልደታ ኮንዶሚኒየም ብሎኮች የአንዱ ነበር። የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ ጡረታ የወጡ ሽማግሌ ናቸው። ለኛ ደግሞ አበልጃችን ናቸው፤ ልጃችንን ክርስትና ያነሡት እሳቸው ናቸው። ታንኩን ሄጄ ለካሁ፣ ዋጋውንም ቆረጥኩ። ዋጋው በሚነገርበት ቀን ግን ልጃችንን አተኩሶት ስለነበር ጤና ጣቢያ ይዤው ሄድኩ። ለሽማግሌው ሊነግር የሄደው ባሌ ነው። ማታ ሲመጣ "እንዴት ሆነ?" አልኩት። "ተስማማን" አለ፤ ሌላ አላለም።

የተባለውን በኋላ የነገረኝ የግቢው ዘበኛ ነው። ሽማግሌው ዋጋውን ሲሰሙ "አበልጄ ሆነህ እንደ ባዕድ ትጠይቀኛለህ?" አሉት። ቀነሰ። "ነዋሪው መዋጮ አልሰጥም እያለኝ ነው፤ በሽምግልናዬ ልፈር?" አሉት። አሁንም ቀነሰ። ሽማግሌው ክፉ አይደሉም። የሰው ገንዘብ አደራ ተሰጥቷቸዋል፣ የሚከራከሩትም እንደማንኛችን ነው። አበልጅ ለአበልጅ ዋጋ ካልቀነሰ ምኑን ተዛመደው? ባሌ የቀነሰላቸው ነገር ምን እንደሆነ አልጠየቁም፤ እሱም አልነገራቸውም።

የቀነሰው ሁለተኛውን ቀንና ማሽኑን ነበር።

በማሽኑ ፈንታ ጧፍ ገዛ። ይህ የድሮ ጉድጓድ ቆፋሪዎች ልማድ ነው። ጧፍ ለኩሰው በገመድ ያወርዳሉ፤ ከጠፋ አየር የለም ብለው ይተዉታል፣ ካልጠፋ ይገባሉ። ለውኃ ጉድጓድ ይሠራ ይሆናል። ሽንት ቤት ውስጥ ግን እሳቱን ሳይነካ ሰውየውን የሚገድል ጋዝ አለ፤ ከእሳት ጋር ተገናኝቶ የሚፈነዳም አለ። ባሌ ይህን ያውቅ ነበር፤ ለሌሎች ሲያስረዳ ሰምቼዋለሁ። ግን ቃል ሰጥቷል። ገንዘቡ ደግሞ የሚበቃው ለጧፍ ነው።

እኔ ሁለቱ ቀን ሳይሞላ አይወርድም፣ የሚወርደው በማግስቱ ነው ብዬ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ጓንት እየገዛሁ ነበር። ስልኬ ሲጠራ ሻጩን "አንዴ ያዝልኝ" ብዬ ጓንቱን ጠረጴዛው ላይ ተውኩት። እዚያው ቀረ።

ዘበኛው እንደነገረኝ ጧፉ አልጠፋም። ቀጥ ብሎ ነበር የሚበራው። ባሌ ጎንበስ ብሎ አየውና "አየህ" አለው፤ ከዚያ ወረደ። አካፋው ጭቃውን ሲነካው ከሥር ታምቆ የነበረው ጋዝ ወጥቶ ጣለው። ዘበኛው ሊከተለው ሲል ወገቡን ይዞ ያስቀረው አንድ ጎረቤት ነው፤ እግዜር ይስጠው፣ አለዚያ ሁለት ሬሳ ነበር የሚወጣው። ባሌ ከወደቀ በኋላም ጧፉ ይበራ ነበር አሉ። ልደታ ስሳለም ጧፍ የሚሸጡትን ሴቶች አልፌያቸው እሄዳለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጧፍ በእጄ ይዤ አላውቅም።

ሽማግሌው ለቅሶው ላይ ከድንኳኑ አልተለዩም። እስከ አርባው ድረስ ይመላለሱ ነበር። ለፋሲካ፣ ለእንቁጣጣሽ ለልጄ ልብስ ይልካሉ። ልጄን ይዤ ሄጄ ጉልበታቸውን እስማለሁ፤ እሳቸውም ይመርቁናል። ስለ ዋጋው አንድም ቀን ተነሥቶ አያውቅም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት፤ ሆዴ ግን አልፈጀውም። ቤቴ ስመለስ ምግብ አልበላ ይለኛል። ያውቃሉ? አያውቁም? እያልኩ ዕቃ አጋጫለሁ። በባሌም እናደዳለሁ። በሞተ ሰው መናደድ ነውር ነው ይላሉ፤ እኔ እናደዳለሁ። ለሰው ሁሉ እሺ ብሎ እኔን አላማከረኝም።

ሥራውን አልተውኩትም፤ ሌላ የማውቀው ነገር የለኝም። ዛሬ ጉድጓድ የሚወርደው ዋርሳዬ፣ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። "አንቺ ዋጋ እስካልቀነስሽ ድረስ እወርዳለሁ" ብሎኝ ነው የጀመረው። አማቴ ይህን ሥራ አልከለከለችውም፤ የምንበላው ከየት እንደሚመጣ ታውቃለች። እሱ በሚወርድበት ቀን ግን እህል አትቀምስም። ስልኳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትቀመጣለች። ሲወጣ ይደውልላትና "ወጥቻለሁ" ይላታል። ያን ጊዜ ተነሥታ ውኃ ትጠጣለች። እኔን አንድ ቀን ብቻ ክንዴን ይዛ "ይኼኛውን አደራ" ብላኛለች፤ ከዚያ ወዲህ ዋጋ በተናገርኩ ቁጥር ክንዴ ላይ እጇ ያለ ይመስለኛል።

ባለፈው ክረምት እንዳበቃ ሽማግሌው ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ያለችው ክፍሌ ድረስ መጡ። ዱላቸውን በሩ ላይ አስደግፈው ተቀመጡ። "ታንኩ ሞልቷል፤ ረግቶም ለመምጠጫው እንቢ ብሏል" አሉኝ። በግማሽ ዋጋ እሠራለሁ ያለ ሌላ ሰው መጥቶ እንደነበርም ነገሩኝ። "እኔ ግን አልፈቀድኩም። አንቺ እንድትሠሪው ነው የምፈልገው።" እሺም እንቢም አላልኩ። "ነገ መጥቼ አየዋለሁ" አልኩ። ሲሄዱ ዋርሳዬ ገመዶቹን መጠቅለል ጀመረ፤ ወንድሙ የሞተበት ጉድጓድ መሆኑን ያውቃል።

ጓዳዬ ገብቼ ክርክሬን ስለማመድ አመሸሁ። አበልጅ ነን ቢሉኝ የምለው ነበረኝ። ነዋሪው አላዋጣም ቢሉኝም የምለው ነበረኝ። ስንት ዓመት ያጠራቀምኩት ነው።

በማግስቱ ታንኩ ጋ ደረስን። ከክዳኑ በላይ የተሰጣ ልብስ ነበር፤ አንዲት ሴት እኛን ስታይ መሰብሰብ ጀመረች። ዓይኔን በጨው አጥቤ ዋጋውን ተናገርኩ፤ አንድ ሳንቲም ሳልጨምር፣ አንድ ሳልቀንስ። ሽማግሌው ዱላቸው ላይ ተደገፉ።

"ያን ጊዜም እንዲህ ነበር የቆረጥሽው?" አሉኝ።

"እንዲሁ ነበር።"

"እኔ አስቀነስኩት።"

"አዎ።"

"ያስቀነስኩት ምን ነበር?"

ያ ሁሉ የተለማመድኩት ቃል ጠፋብኝ። "ሁለተኛውን ቀን ነው አባባ" አልኩ። "ክፍት ሆኖ የሚውልበትን ቀን። ማሽኑንም።"

"አልነገረኝም እኮ።"

"አይነግርዎትም። ሰው ቅር ሲለው ማየት አይወድም ነበር።"

በዱላቸው ጫፍ ክዳኑን ዳሰሱት። ልብስ የምትሰበስበው ሴት የልብስ መያዣውን በአፏ ይዛ አየችን። እኔ ወደ ግንቡ ዞርኩ። ከዚያ "ጠባቂው በዋጋው ውስጥ አለ?" አሉኝ።

"አለ።"

"እሱን አውጪው። እኔ እጠብቃለሁ።"

ልስቅ ምንም አልቀረኝ። ይኼ ሁሉ አልፎ፣ እዚያው ጉድጓድ አፍ ላይ ቆመው አሁንም ያስቀንሱኛል። "ሌሊቱስ?" አልኩ። "ሌሊቱን ዘበኛው አለ፤ እኔም እንቅልፍ የለኝም" አሉ። የጠባቂውን ሒሳብ አወጣሁት።

ክዳኖቹን አነሣን፤ ማሽኑ ማጉረምረም ጀመረ። ሽማግሌው የፕላስቲክ ወንበራቸውን ከጉድጓዱ ፈቀቅ አድርገው አስቀመጡ፣ ጋቢያቸውን ለብሰው ጃንጥላ ዘረጉ። ነዋሪው መስኮቱን ዘጋ። ከላይ "ይኼ ሽታ መቼ ነው የሚያበቃው?" የሚል ድምፅ ሲመጣ "ሲያበቃ ያበቃል" ይላሉ ቀና ሳይሉ። ኳስ ወደዚያ ሲንከባለል በዱላቸው መልሰው ይገፉታል። ምግብ ቢያመጡላቸው ራቅ ብለው ሁለት ጉርሻ ጎርሰው ተመልሰው ይቀመጣሉ።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አጠገባቸው ብሎኬት ላይ ተቀመጥኩ። የሚሠራ ነገር አልነበረም። ማሽኑ ይነፋል። አንድ ሰውዬ መኪናውን ያጥባል። ከትምህርት ቤት የተመለሱ ልጆች ቦርሳቸውን ደረጃው ላይ ጥለው ይሯሯጣሉ። ፀሐይዋ ከአንዱ ብሎክ ግድግዳ ወደ ሌላው ተሻገረች።

"ይኸው ነው?" አሉኝ ሽማግሌው።

"ምኑ?"

"ሁለተኛው ቀን።"

"ይኸው ነው አባባ።"

ግቢውን ዞር ዞር ብለው አዩት። "ምንም የለውም እኮ" አሉ። "መቀመጥ ነው።"

"መቀመጥ ነው።"

ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት። ትከሻቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ። እኔም አለቀስኩ፤ በለቅሶው ጊዜ እንኳ እንዲያ አላለቀስኩም። ይቅር አልኳቸው ለማለት አልችልም፣ ያን ሰዓት ግን አልተቆጣሁም። ባሌ እዚህ ብሎኬት ላይ ተቀምጦ እያፏጨ ሊያሳልፈው የሚችል ቀን ነበር። በዋጋ ክርክር የተቀነሰው ይኸው ነው።

በሦስተኛው ጧት የጋዝ መለኪያውን አወረድን፤ ደህና ነው አለን። ዋርሳዬ ቀበቶውን አጥብቆ ወረደ። ገመዱን የሚይዙ ሁለት ጎበዞች ነበሩን፤ ሽማግሌው ግን ጫፉን ይዘው አልለቅም አሉ። የአካፋው ድምፅ ሲቆም ገመዱን ያጠብቃሉ፣ ሲጀምር ያላላሉ። እኔ ከሰዓቴ ላይ ዓይኔን አላነሣሁም። ዋርሳዬ ሥራውን ጨርሶ ወጣ። በሳሙናና በበረኪና እየታጠበ እጁ አረፋ ስለነበር "ደውይላት" አለኝ። ደወልኩ። ሽማግሌው እጃቸውን ዘረጉ።

"እኔ ልንገራቸው" አሉ።

ሰጠኋቸው። ስልኩን በሁለት እጃቸው ያዙት። "እህቴ፣ ልጅዎ ወጥቷል" አሏት።

የአማቴ ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል። "ተመስገን፣ ተመስገን" አለች። ቀጥላም እንደ ወጉ "ማን ልበል?" ብላ ጠየቀች።

ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱ። ማን እንደሆኑ ሳይነግሯት ስልኩን መለሱልኝ።