የስንሻው ዳገት

ስንሻው ከኮኪት ጤና ጣቢያ የክትባት ሣጥን በብስክሌት ጭኖ ገጠር ለገጠር ሲዞር አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው። ጎማው ተጥፎ ተጥፎ ዋናው ጎማ የት እንደቀረ እግዜር ይወቅ። ሰውየው ውሸት አይችልም፤ ሌላ በሽታ የለበትም።

በ2007 ዓ.ም. ከአንድ የእርዳታ ድርጅት ላፕቶፕ የያዘ ወጣት መጣ። የየሠራተኛውን መንገድ ኢንተርኔት ካርታ ላይ ያሰምራል፤ ኮምፒውተሩ ዳገቱን ይደምራል። ድምሩ ከመቶ ሜትር ያለፈለት ሞተር ሳይክል ያገኛል፤ ያላለፈለት በብስክሌቱ ይቀጥላል። የስንሻው መቶ ሠላሳ ወጣ። አብሬው የምሠራው ነርስ እኔ ነኝ፤ ከኋላው ልፈናጠጥ ልቤ ቆመ።

ስንሻው ግን ስክሪኑን አይቶ ቱግ አለ።

«የምን ዳገት? ይሄ ሁሉ ሜዳ አይደለም እንዴ!»

«ጋሼ፣ መንገዱ እኮ ሰባት ኾር ውስጥ ወርዶ ይወጣል» አለው ልጁ። ኾር የምንለው ክረምት ብቻ የሚሞላውን ወንዝ ነው።

«ሰባቱም ላይ ድልድይ አለ! ይሄ ዕቃህ ድልድይ አያይም?»

እግሩን ረገጥኩት። «ምን ትረግጠኛለህ?» ብሎ ጮኸብኝ።

ልጁ አመስግኖ ድልድዮቹን አስገባ። ዳገቱ አሥራ አንድ ሜትር ሆነ። ለእርማቱም ለስንሻው አዲስ የጎማ መንፊያ ሸለመው።

ዛሬም በዚያ ንዳድ ፀሐይ ፔዳሉን እየረገጠ፣ ድልድይ ላይ በደረሰ ቁጥር የሠራውን መሐንዲስ ዘር ማንዘሩን ይሰድባል። እኔም ያንኑ መንገድ በእግሬ ስሄድ ስንሻውን እሰድባለሁ።