ማርያም የሳመችው ጉንጭ

ራስ መኮንን ድልድይ አጠገብ ፎቶ ቤት ነበረኝ። አንድ ቀን ለፓስፖርት ያነሳኋቸው እናት ፎቶው ላይ ጉንጫቸው ጥቁር ነጥብ ይዞ ወጣ። የካሜራው ሴንሰር ላይ አቧራ እንደተቀመጠ ገባኝ፤ ላለማፈር ግን፣ «ማርያም ስማዎት ነው እኮ፣ እማማ» አልኳቸው።

ባንኮኒው ላይ የነበረውን የሌላ ደንበኛ ፎቶ አነሱና እዚያው ጉንጭ ላይ ያለችውን ነጥብ እያሳዩኝ፣ «ማርያም ዛሬ እዚህ ቤት ስትስም ነው የዋለችው በለኛ!» አሉኝ።

እጅ ሰጠሁ። ሌንሱን ፈታሁና ካሜራውን ወደ መሬት ደፍቼ በእጅ በምትጨመቅ ትንሽ የጎማ መንፊያ አቧራውን ማራገፍ ጀመርኩ። እሳቸው የመንገዱ አቧራ እንዳይገባ በነጠላቸው ጋረዱልኝ።

«በአፍህ እፍ አትልበትም?»

«ምራቅ ይነካዋል፣ እማማ።»

«ምራቅህ ከውሸትህ አይብስም!»

ነጥቡ ጠፋ፤ ሳቃቸው ግን አልቆም አለ። ለፓስፖርት ደግሞ መሳቅ አይፈቀድም። አራት ጊዜ አንስቻቸው በአምስተኛው ኮስተር አሉልኝ።