የወለላ ሃምሳ ሦስት ቋጠሮ

ደፍሬ ብዕር በማንሳቴ ይቅር በሉኝ። ከአራተኛ ክፍል የወጣሁ ነኝ፤ ፊደሎቼም እንደ እኔ አንገታቸውን የደፉ ናቸው። «እኔ» ብዬ ልጽፍ ስል እጄ እንቢ አለኝ፤ ስለዚህ ባለታሪኳን ወለላ ብያታለሁ።

ወለላ አል ዓይን ከተማ የሰው ቪላ ስታጸዳ የኖረች ሴት ናት። ከማዳም ቤት ጠፍታ አቡ ዳቢ ገባች፤ እዚያም ንጉሤ የሚባል ሹፌር ወድዳ አረገዘች። ንጉሤ ወሬውን ሲሰማ ስልኩን ዘጋ። እሷ ግን «ቻርጅ አልቆበት ይሆናል» እያለች ሁለት ወር ጠበቀች። ይህን ያህል ብልህ ናት። በስሙ ያስመጣት አሠሪዋ፣ ካፊሏ፣ መጥፋቷን አመልክቶ ነበርና ተይዛ በአምስተኛ ወሯ እስር ቤት ገባች።

እዚያ ለነፍሰ ጡሮች በየጠዋቱ የተቀቀለ እንቁላልና ወተት ይታደላል። ወለላ ግን ያለ ጋብቻ ማርገዟን እግዜር እንዳይቆጥርባት፣ ልጇም ጤነኛ ሆኖ እንዲወለድ፣ ሁዳዴን ሃምሳ አምስቱንም ቀን ልትጾም ተሳለች። ነፍሰ ጡር ትጾማለች ወይ ብላ እንዳትጠይቅ፣ የንስሐ አባቷ ቁጥር ያለው በተወሰደባት ስልክ ውስጥ ነው።

ጾሙ መቼ ይገባል? ባለፈው ዓመት ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ቀን ገብተው ነበር። ስለዚህ ረመዳን እስኪገባ ጠብቃ አብራ ያዘች። ቀኑ ቅዳሜ ነበር። ሁዳዴ ሰኞ እንጂ ቅዳሜ እንደማይገባ ሕፃን ልጅ ያውቃል። ወለላ ግን «በዐረብ አገር ቤተ ክርስቲያንም የምንሄደው ዓርብ ነው፤ ሁሉ ነገር ተገለባብጧል» ብላ ራሷን አስተማረች። ከዚያ በየቀኑ የሻርፗን ዘርፍ አንድ አንድ እየቋጠረች መቁጠር ያዘች።

እንቁላሉን የምትበላላት አብራት የታሰረችው የወሎዋ ልጅ ዘምዘም ነበረች። በረመዳን እንኳ እስከ ማፍጠሪያ ደብቃ ታቆየው ነበር።

«አንቺ ሴት፣ ይሄ ልጅ ሲወለድ እማዬ የሚለው እኔን ነው» ትላታለች። «በእኛ እኮ እርጉዝ ጾም ይቅር ተብሎላታል።»

«የእኛ ጥብቅ ነው» ትላለች ወለላ፣ እንደ ባሕታዊ ዓይኗን ሰብራ።

ባለፈው ረቡዕ ነርሷ ሆዷን ለክታ ፊቷን አጠቆረች። ሰባት ወር ቢሞላውም ልጁ ትንሽ ነው። በሳምንቱ ካልጨመረ ወለላ ብቻዋን ሆስፒታል ልትተኛ ነው። «ምግብሽን ትበያለሽ?» ስትባል መጾሟን መናገር አፈረችና ራሷን በአዎንታ ነቅንቃ ወጣች።

ማክሰኞ ሔለን የምትባል አዲስ እስረኛ መጣች፤ አል ሙሽሪፍ ቤተ ክርስቲያን የምትሳለም ልጅ ናት። ወለላ ሻርፗን ይዛ ተጠጋቻት።

«አይዞሽ እህቴ፣ ሁለት ቀን ብቻ ነው የቀረን።»

«ለምኑ?»

«ለፋሲካ ነዋ!»

ሔለን አፏን ከፍታ አየቻት። «ፋሲካማ እሑድ አለፈ! እኔ ዶሮዬን በልቼ ነው የተያዝኩት።»

ዘምዘም ፍራሹ ላይ ተንከባለለች። «ያ ረቢ! በዓሉ ሄዷል፣ ጿሚዋ ቀርታለች!»

ወለላ ግን ሳቅ አልመጣላትም። ሃምሳ ሦስቱን ቋጠሮ በጣቷ ዳበሰች። እግዜርን ደስ አሰኛለሁ ብላ በፋሲካ ቀን ልጇን አስርባለች። ልጁም ከውስጥ አንዴ ገፋት፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ እናቱ እያፈረ።

«አሁን ምን ይሻለኛል?»

«ብያ!» አለች ሔለን።

«ነገ እኮ ረቡዕ ነው።»

«በሃምሳው ረቡዕ አይጾምም! ማን ነው ያስተማረሽ?»

«ራሴ» አለች ወለላ።

በማግስቱ ጠዋት ትሪው ሲመጣ ዘምዘም እንደ ልማዷ እጇን ሰደደች። ወለላ እጇን መታ አደረገቻትና እንቁላሉን በሁለት ጉርሻ ዋጠች፤ ወተቱንም ጨለጠች። ከዚያ ስሟ ሳይጠራ ወደ ነርሷ ክፍል ሄዳ በሩ ላይ ቆመች። በኩሽና ዐረብኛዋ፣ «ሐሊብ ማፊ፣ በይድ ማፊ፣ ኸምሲን ዮም» አለች፤ ወተትም እንቁላልም ሃምሳ ቀን አልነካሁም ማለቷ ነው። ነርሷ ጮኸችባት። ወለላ ጩኸቱ እስኪያልቅ ቋጠሮዎቿን እየፈታች ጠበቀች። ሲያልቅ፣ ማዳም ቤት በኖረችበት ዘመን ሁሉ ደፍራ የማታውቀውን ጠየቀች፦

«ሌላ እንቁላል አለ?»